8፣ 16 ወይስ 32 ጊጋ? ለቨርቹዋል ማሽን የሚሆን ራም ንጽጽር

ለቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ለሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ብሎ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ አብረው የሚሠሩትን ማሽኖች ይቁጠር። ተጭነው የተቀመጡት ዲስክ እንጂ ራም አይወስዱም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለዋናው ኮምፒውተር 4 ጊጋ፣ ብሮውዘር አብሮ የሚከፈት ከሆነ 6፤ በዚያ ላይ ለየማሽኑ የሚመደበው ይደመራል፤ በመጨረሻም 1 ወይም 2 ጊጋ መጠባበቂያ ይቀመጣል።

በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ለሚሠራ ኡቡንቱ ሰርቨር (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ለመለማመጃ ከ1 እስከ 2 ጊጋ ይበቃዋል። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ 4 ይፈልጋል። ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 4 ነው፤ ኦፊስና ብሮውዘር ሲከፈትበት ግን 6 ስጡት። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ከነዴስክቶፑ በ2 ይነሣል፣ እውነተኛ ሥራ ሲጫንበት 4 ይሁን።

8 ጊጋ አንድ ሊኑክስ ሰርቨር ከፍቶ ትእዛዝ ለሚለማመድ ጀማሪ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሌላ ዊንዶውስ 11 ለመክፈት ካሰባችሁ ግን አትግዙት። 4 እና 4 ተደምሮ ሙሉውን ይበላዋል፤ መጠባበቂያ የለም። ራም ሲያልቅ ዋናው ኮምፒውተር የማሽኑን ማስታወሻ ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ደግሞ ይህን ሳያውቅ የራሱንም ወደዚያው ዲስክ ይገፋል። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ይላል፣ ማውሱም ስታክ ያደርጋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ለማሽኑ ራም ይጨምርለታል፤ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። መቀነስ ነው የሚያስፈልገው።

ለአብዛኛው ገዢ የምንመክረው 16 ጊጋ ነው። ጣና ዳር ያለ አነስተኛ ሆቴል የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን በአንድ ዊንዶውስ ማሽን ላይ 4 ጊጋ መድቦ፣ ፋይል የሚያስቀምጥበትን ሊኑክስ ደግሞ በ2 ሊያሠራ ይችላል፤ ከዋናው 6 ጋር 12 ይሆናል፣ እስከ 4 ጊጋ ይተርፋል። ፒችትሪ በ4 በደንብ ከሄደ 8 ስለተሰጠው አይፈጥንም።

32 ጊጋ የሚያስፈልገው ሰው ራሱን ያውቃል። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ኔትወርክ የሚማርና በጂኤንኤስ3 (ኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር) ላብ የሚሠራ ተማሪ አይኦኤስቪ የሚባለው የሲስኮ ቨርቹዋል ራውተር በግማሽ ጊጋ ስለሚነሣለት አሥር ቢደረድር 5 ጊጋ ብቻ ነው፤ ለዚህ 16 ይበቃዋል። ሌላው የሲስኮ ቨርቹዋል ራውተር ሲኤስአር 1000ቪ ግን ለእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ጊጋ ስለሚጠይቅ አራቱ ብቻ 16ን ይጨርሳሉ። ሁለት ዊንዶውስ ሰርቨርና ከእነሱ ጋር የሚገናኙ ሁለት ማሽኖች አንድ ላይ የሚያስነሣም እንዲሁ 32 ይግዛ።

ገንዘቡ ለ32 የማይደርስ ከሆነ አንድ ባለ 16 ራም የገባበትና ሌላው ስሎት (የራም ማስገቢያ) ባዶ የሆነ ላፕቶፕ ፈልጉ። ሁለት ባለ 8 ተጣምረው ሲሠሩ ፍጥነታቸው ይሻላል፤ ለቨርቹዋል ማሽን ግን መጠን ከፍጥነት ይቀድማል፣ ነገ ለማሳደግም ሁለቱንም አውጥቶ መጣል አይመጣም። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የሜሞሪ ገጹን እዩ፤ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነና ትርፍ ስሎት ከሌለ የገዛችሁት መጠን የመጨረሻው ነው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5ም አይለዋወጡም፣ ስሎቱ ላይ የሚገጥሙበት ቁርጥ ቦታው ይለያያል። በዚያው መስኮት ሲፒዩ የሚለው ገጽ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱንም አረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ይከፈታል።

ቨርቹዋል ማሽን ከሚያሠሩት ሶፍትዌሮች በኩል፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ የመደባችሁት ራም ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ለሌላ እንደማይውል አድርጋችሁ ቁጠሩ። የዊንዶውሱ ሃይፐር-ቪ መነሻ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን አስገብታችሁ እንደ ሥራው እንዲጨምርና እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ለ16 ጊጋ ኮምፒውተር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዊንዶውስ ሆም ላይ ግን የለም፣ ፕሮ ያስፈልጋል።

ባሕር ዳር ላይ ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው መብራት መቋረጡንም በስሌቱ ያስገባ። ማሽኑን ባለበት ሁኔታ አስቀምጦ ለማጥፋት በራሙ ላይ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ይጻፋል። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ሃርድ ዲስክ 8 ጊጋን ለመጨረስ በትልቁ ሲገመት 80 ሴኮንድ ይወስድበታል፤ 500 ሜጋባይት የሚጽፍ ኤስኤስዲ 16 ሴኮንድ። ባለ 8 ሦስት ማሽን በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ 4 ደቂቃ ሊጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ስትገዙ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እዚያው ሱቅ አስነሥታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ለኩ።