የመኪናው መስታወት ጭጋግ ሲይዝ፦ መስኮት ወይስ ኤሲ?

ሐምሌ ላይ፣ አራት ሆነን፣ ልብሳችን ረጥቦ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ የፊት መስታወቱ ድንገት ጭጋግ ያዘ። ምንም አይታይም። አስደንጋጭ ነው።

ብዙ ሰው መስኮት ይከፍታል። ኤሲ ለሌለው መኪና መላው እሱ ነው፤ ነዳጅም አይፈጅም። ግን ዶፍ ሲወርድ ወንበሩና ምንጣፉ ይርሳል፤ ጠዋት ያው ጭጋግ ይጠብቃችኋል።

እኔ ኤሲን እመርጣለሁ። ኤሲ ማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም፣ አየሩንም ያደርቃል። እርጥበቱ በኤሲው ውስጥ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ላይ ውሃ ይሆንና ከመኪናው ስር ይንጠባጠባል። ከማሞቂያው ጋር አብራችሁ ወደ ፊት መስታወቱ ልቀቁት። አየሩ ከውጭ ይግባ። የውስጡን ብቻ ካዞራችሁት የትንፋሻችሁ እርጥበት እዚያው ይከማቻል። በእጅ መጥረግ ግን ይቅርባችሁ፤ የእጅ ቅባት ማታ በመብራት ያንጸባርቃል።