ኡታማሮ፣ ኩኒሳዳ ወይስ ሺንሱይ? የጃፓን ቆነጃጅትን ሥዕል ለሚገዛ ሰው

በእንጨት ተቀርጸው የሚታተሙትን የጃፓን ቆነጃጅት ሥዕሎች ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም የሠዓሊው የኡታማሮ ነው። ቢወደስም አይበዛበትም። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የኢዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ቆነጃጅት ከደረት በላይ ብቻ አቅርቦ፣ ከኋላቸው ሚካ የተባለ ማዕድን ዱቄት እያብለጨለጨ አሳይቷል። ግን በደህና የተያዘው ዋጋው አይቀመስም። ለኪስ የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛው ደብዝዟል። የዚያ ዘመን ሐምራዊ ከዕፅዋት ቀለሞች የሚቀመም ስለነበር ብርሃን አይችልም፤ ዛሬ ቡናማ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለስሙ ብቻ ብላችሁ የነጣ ወረቀት አትግዙ።

ኩኒሳዳ (1786–1865) እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ሥራው እንደ ልብ ይገኛል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ከ1830 ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለ ቀለም በቀላሉ ስለማይለቅ፣ የሴቶቹ ኪሞኖ እስካሁን ደማቅ ነው። ፊቶቹ ግን ይመሳሰላሉ። ህዳጉ የተቆረጠ፣ ትል የበላውም ሞልቷል።

እኔን ብትጠይቁኝ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ሺን ሃንጋ (“አዲስ ህትመት” የተባለውን የእንጨት ህትመት) እመርጣለሁ። የቶኪዮው አሳታሚ ዋታናቤ ሾዛቡሮ ሠዓሊውን፣ ቀራጩንና አታሚውን እንደ ድሮው አንድ ላይ አሠራ። ሠዓሊው ኢቶ ሺንሱይ በ1916 ከእሱ ጋር ሲጀምር ገና ወጣት ነበር። ሃሺጉቺ ጎዮ ደግሞ በ1920 ጸጉሯን የምታበጥር ሴት ሠርቷል። ጸጉሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ዘለላ እንጨት ላይ ለብቻው ተፈልቅቆ ወጥቷል፤ ይሄ የሠዓሊው ብቻ ሳይሆን የቀራጩም ጉድ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ በድጋሚ ህትመት ነው። በአንድ እንጨት ከዓመታት በኋላም ይታተማል፣ የመጀመሪያው ዙር ግን እጅግ ይወደዳል። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የዋታናቤን እንጨቶች ስላወደመ ከዚያ በፊት የታተመው ብርቅ ነው። ሻጩን የህዳጉን ማኅተም ፎቶ ጠይቁት፤ አሳታሚው በየዘመኑ ይቀያይረው ስለነበር ዕድሜውን ይጠቁማል።

ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ላይ ለመስቀል ከሆነ ግን ኦሪጅናል አያስፈልጋችሁም። በቶኪዮ እንደ አዳቺ ያሉ ማተሚያ ቤቶች ዛሬም የኡታማሮን ሥራዎች በእጅ ቀርጸው ያትማሉ። በማሽን ከተባዛ ፖስተር ለመለየት ጀርባውን ገልብጡት፤ በእጅ ሲታተም ቀለሙ ወደ ጀርባ ይሰርጋል። በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታያችሁ ፖስተር ነው፤ የፖስተር ዋጋ ክፈሉ።