አዲስ አበባ መጽሐፍ ልትገዙ ለምትመጡ፦ «ኦሪጅናል ነው» የተባለውን ገልብጣችሁ እዩ

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለአምስት ሳምንት መጥቼ ከያዝኩት የመጽሐፍ ዝርዝር አብዛኛውን አግኝቻለሁ። የአዲስ አበባ መጽሐፍ ሻጮች እውቀት ዛሬም ያኮራል። ይህን ያስጻፈኝ ግን አንድ አገልግሎት ነው፤ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ «እናፈላልግልዎታለን» እያሉ ቀብድ የሚቀበሉ ሱቆች። ለአጭር ጊዜ የምንመጣ ሰዎች ቀናችን የተቆጠረ መሆኑን ያውቃሉ፣ የሚሠሩትም በዚያ ላይ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ አሠራሩን ግን ልንገራችሁ።

ስምምነቱ ይህ ነበር። በ1950ዎቹ የታተመ፣ አምስት መቶ ገጽ ያህል ያለው የታሪክ መጽሐፍ፤ የመጀመሪያ ዕትም፤ ዋጋው 6,000 ብር፤ ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ በርክክብ፤ በሦስት ቀን ይደርሳል። ሦስቱ ቀን አስራ ስድስት ሆነ። መጀመሪያ ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ወጥቷል ተባለ፣ ቀጥሎ «ነገ ጠዋት ይደውሉልን»፣ ቀጥሎ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ፣ በመጨረሻ «መጥቷል፣ እየተጠረዘ ነው» የሚል መልስ መጣ። ይህችን «እየተጠረዘ ነው» የምትል ቃል ልብ በሏት። አሮጌ መጽሐፍ ሽፋኑ ሲገነጠል ይጠረዛል፣ እሱ እውነት ነው። ሰው ቤት በደህና ተቀምጧል የተባለ መጽሐፍ ድንገት ጥረዛ ቤት ከገባ ግን ገና አሁን እየተሠራ ነው ማለት ነው።

የመጣው ፎቶኮፒ ነው። የተዋጣለት ፎቶኮፒ፤ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው ላይ ርዕሱ በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት፣ ዳርና ዳሩ በመቁረጫ የተስተካከለ። ሻጩ «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ሽፋኑን ብቻ ነው ያደስነው» አለ። ገጽ 17 ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ክብ ማኅተም አለ። ማኅተሙ ግራጫ ነው። አገራችን ውስጥ ማኅተም የሚመታው በሐምራዊ ወይም በሰማያዊ ቀለም ነው፤ ግራጫ የሚሆነው ማሽን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲገለብጠው ነው። ከማኅተሙ በታች የቀድሞ አንባቢ በእስክሪብቶ ያሰመረው መስመር አለ፤ በጣት ሲዳሰስ ልሙጥ ነው፣ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ የሚተወው ጎድጓዳ የለበትም።

ኮፒ መሆኑ ብቻውን አላስከፋኝም። ዳግም ያልታተመ መጽሐፍ ይዘቱን ለማንበብ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ኮፒም ያገለግላል። ያስከፋኝ የዋናው ዋጋ መጠየቁ፣ ዓይን እያየ መዋሸቱና ቀብዱን አልመልስም መባሉ ነው። የኮፒን እውነተኛ ዋጋ ለማወቅ እዚያው ሰፈር ያለ ኮፒ ቤት ገብታችሁ የአንዱን ሂሳብ ጠይቁ። መጽሐፍ ሲባዛ ተከፍቶ ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ፣ አምስት መቶ ገጽ ማለት 250 ጊዜ ማንሳት ነው። የአንዱን ሂሳብ በ250 አባዙ፣ የጥረዛውን ጨምሩበት፤ ከዚያ በላይ የተጠየቃችሁት ሁሉ ለ«ኦሪጅናል» ቃል የምትከፍሉት ነው። ደራሲው በሕይወት ያለ፣ መጽሐፉም ሱቅ ውስጥ በአዲስ ዕትም የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ኮፒውን በርካሽም አትግዙ፤ የሚዘረፈው ደራሲው ነው።

ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጽሐፉን መሃል ለመሃል ክፈቱት። የዚያ ዘመን መጽሐፍ በክፍል በክፍል፣ ብዙውን ጊዜ አስራ ስድስት አስራ ስድስት ገጽ እየሆነ የተሰፋ ነው፤ ከየክፍሉ መሃል ላይ ክር ይታያል። ኮፒ በሙጫ የተያዘ የቅጠል ክምር ስለሆነ ክር የለውም፤ አጥብቃችሁ ከከፈታችሁት ሙጫው ይሰነጠቃል። ቀጥሎ አንድ ገጽ ወደ መስኮት አዘንብሉ። ያኔ ፊደል ለቃሚዎች አንድ በአንድ በደረደሩት የእርሳስ ፊደል ነበር የሚታተመው፤ ፊደሉ ወረቀቱን ስለሚጫን ከጀርባው በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። የኮፒ ቀለም ግን ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ዱቄት ነው፤ በገደምዳሜ ብርሃን ያብለጨልጫል፣ ቅጠሉን ስታጥፉት እጥፋቱ ላይ ይራገፋል። የውስጠኛውን ኅዳግም እዩ፤ ዋናው መጽሐፍ ማሽኑ ላይ በደንብ ስላልተኛ ወደ ጀርባው በኩል ጥቁር ጥላ ይቀራል፣ በዚያ በኩል ያሉት ፊደላትም ይጣመማሉ። ወረቀቱ ደግሞ በእድሜ ሲያረጅ ከዳር ወደ መሃል ነው ቡናማ የሚሆነው። ዳሩም መሃሉም እኩል ነጭ ከሆነ ዕድሜው ትናንት ነው።

ማንም ሊከራከርበት የማይችለው ማስረጃ ግን የገጽ ቁጥሩ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ጎዶሎ ቁጥር ሁልጊዜ በቀኝ ነው፣ ስለዚህ የአንድ ቅጠል ፊቱ 111 ከሆነ ጀርባው 112 ነው። ከዋናው ላይ ቅጠል ቢገነጠል 111 እና 112 አብረው ይጠፋሉ። ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ግን ሲገልጥ ሁለት ቅጠል አብሮ ካለፈበት፣ የሚጠፉት ፊት ለፊት የሚተያዩት 112 እና 113 ናቸው። በኔ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ፊቱ 111፣ ጀርባው 114 ነበር። እንዲህ ያለ ቅጠል በዋናው መጽሐፍ ሊኖር አይችልም። ይህን ሳሳየው ሻጩ መልስ አልነበረውም፤ ቀሪውን 3,000 ብር ሳልከፍል ኮፒውን ይዤ ወጣሁ፣ የከፈልኩት 3,000 ግን እዚያው ቀረ።

አሜሪካ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን ራሱ ይጽፋል፤ ስንት ገጽ እንደጎደለ፣ ሽፋኑ እንደተቀየረ፣ ማን እንደፈረመበት። ካልተስማማህ ትመልሳለህ። እዚህ ደረሰኝ ስትጠይቅ እንደመጣላት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቀብድ የግድ ከሆነ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፣ የተቀባዩ ስም ይቀራል። በስልክ መልእክትም አራት ነገር ጽፋችሁ «እሺ» አሰኟቸው፦ የታተመበት ዓመተ ምሕረት፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የገጹ ብዛት፣ «ኮፒ ከሆነ ቀብዱ ይመለሳል» የሚለው። የርዕስ ገጹንና ጀርባውን፣ እንዲሁም መሃል ላይ ክሩ የሚታይበትን ቦታ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። መጽሐፉ በእውነት እጃቸው ካለ ፎቶ ማንሳት ደቂቃ አይወስድም።

ከዚህ ጋር የማይነጻጸር አገልግሎት ያገኘሁት ለገሃር አካባቢ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ወጣት ነው። «ምን ልስጥዎት?» አላለም፤ «በቅርቡ አንብበው የወደዱት የቱን ነው?» ነው ያለው። የልብ ወለድ ስም ስነግረው አንድ የአጭር ልብ ወለድ መድበል፣ አንድ የጉዞ ማስታወሻና አንድ የወታደር ግለ ታሪክ አወጣ። ሦስቱንም ራሱ አንብቧቸዋል። ስለ አንዱ «እስከ ገጽ ሰማንያ ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም» አለኝ፣ ልክ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ኮፒ መሆኑን ሳልጠይቀው ነግሮኝ በኮፒ ዋጋ ሸጠልኝ። እዚያ አሜሪካ የኛ ሰፈር ሱቅ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ እንዲህ አንብቦ የሚያማርጥ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

የት ምን እንደሚገኝ በአጭሩ። በክንዳቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው የሚያዞሩት ልጆች የሚይዙት የሰሞኑን ተፈላጊ ነው፤ የሥነ ልቦና ትርጉሞች፣ የፖለቲካ ትዝታዎች፣ አዲስ የወጡ ልብ ወለዶች። ሰው ምን እያነበበ እንደሆነ ለማወቅ እነሱን እዩ፣ ዓይነት ለማብዛት ግን መሬት ላይ የዘረጉትንና አሮጌ የሚሸጡትን ትናንሽ ሱቆች፤ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ሜክሲኮ። ፒያሳና አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ነገር ስለተነሳ የድሮውን ቦታ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሌላ መጽሐፍ ሻጭ ጠይቁ፣ የት እንደገባ ያውቃል።

የግጥምና የአጭር ልብ ወለድ መድበል ካያችሁ አታሳድሩ። አብዛኛው ደራሲው በራሱ ገንዘብ በጥቂት ቅጂ ያሳተመው ስለሆነ ካለቀ አለቀ። የደርግ ዘመን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ግለ ታሪኮች ግን ደጋግመው ስለሚታተሙ «የማይገኝ ነው» ብሎ የሚያስወድድባችሁን እለፉት። ትርጉም ስትገዙ የርዕስ ገጹን ጀርባ አንብቡ፤ አንድ የውጭ መጽሐፍ በሁለት ተርጓሚ ሁለት የተለያየ የአማርኛ ርዕስ ወጥቶለት ሁለቱንም የሚገዛ ብዙ ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት የምትፈልጉ፣ ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ እንጂ በሀለሐመ አይደለም፤ መጀመሪያው ላይ ሀ ስላላገኛችሁ ገጽ የጎደለው እንዳይመስላችሁ። ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትገዙም የዘመን አቆጣጠሩን አስረዷቸው። የባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በአማርኛው ርዕሱ ከ1847 እስከ 1983 ይላል፤ በፈረንጆቹ ከ1855 እስከ 1991 መሆኑ ነው። ውጭ ያደገ ልጅ ይህን ካላወቀ ቴዎድሮስን ስምንት ዓመት አስቀድሞ ያነግሣቸዋል።

ዋጋው ጀርባው ላይ ታትሟል። በላዩ ሌላ ዋጋ የተለጠፈበት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም፤ ወረቀትና ቀለም ሲወደድ አሳታሚው ራሱ ይለጥፋል። የአሳታሚው ከሆነ የሁሉም ቅጂ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ የታተመና እኩል ቦታ ላይ የተለጠፈ ነው። በእጅ የተጻፈ ከሆነ፣ ወይም የታተመው ዋጋ በምላጭ ከተፋቀ፣ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።

በክረምት የምትመጡ፣ እርጥበት ተጠንቀቁ። ላስቲክ የለበሰ ክምር ከላይ ደረቅ ሆኖ ከታች ያሉት ውሃ ጠጥተው ይሆናል። ገጹ ከተንሻፈፈና አፍንጫ ላይ የሻጋታ ሽታ ካለ ተዉት፣ አንዱ ሻንጣውን ሙሉ ያበላሻል። ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ ብል ነው፤ መጽሐፉ ብርቅ ከሆነና ካልተዋችሁት፣ እቤት ስትደርሱ በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፣ ስታወጡትም ላስቲኩን ሳትፈቱ አንድ ቀን ይደር፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ያልበዋል።

ሻንጣ ላይ፦ ሦስት መቶ ገጽ ያለው ተራ መጽሐፍ 350 ግራም ያህል ይመዝናል። ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ራሱ ሦስት ኪሎ ቢሆን ሃምሳ አምስት መጽሐፍ ግድም ይይዛል፣ ሳይሞላ ግማሹ ባዶ እያለም ኪሎው ያልቃል። ስለዚህ መጽሐፎቹን ለሁለት ሻንጣ ከፍላችሁ ከታች በጀርባቸው አስተኙ፣ ከላይ ልብስ። በርበሬና ቅቤ ግን ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ሻንጣ አይሁን፤ ቅቤው ከፈሰሰ ወረቀት ላይ የወደቀ ቅባት አይለቅም። ብራና የሚባል ነገር ማንም ቢያመጣላችሁ አትንኩ። የቅርስ አዋጁ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፣ ደግሞም ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ መጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሂዱ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዛችሁ፣ መጽሐፉን አስወጥታችሁ ዋናው ምን እንደሚመስል እዩ፤ ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ፣ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር፣ ማተሚያ ቤቱንና ዓመቱን ጻፉ። ያንን ወረቀት የያዘ ገዢ ፊት «ኦሪጅናል ነው» ማለት ይከብዳል። እኔ የሄድኩት ከገዛሁ በኋላ፣ ለበረራ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። ዋናው መጽሐፍ እዚያ ነበር፣ ቡናማ፣ በክር የተሰፋ። ገጽ 112 እና 113ን በእርሳስ ገልብጬ በኮፒው ውስጥ በቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።