«ቆሞ ነበር፣ አሁን ተነስቷል» የሚባል ትራክተር ከመግዛታችሁ በፊት

እርሻ ሲቃረብ ደላላ ይበዛል። ዘንድሮ ከደምበጫ እስከ ቡሬ የሚዞረው ወሬ ደግሞ የትራክተር ነው። «ለዓመታት ቆሞ ነበር፣ አሁን ተነስቷል፣ በግማሽ ዋጋ ውሰዱት» ይላሉ። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ትራክተር ለጎጃም ብርቅ አይደለም። ከብር ሸለቆና ከአየሁ የመንግሥት እርሻዎች ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። ባለፉት ዓመታት ግን መንገድ ሲዘጋ፣ ናፍጣ ሲጠፋ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ሲሰቀል ብዙው በየጓሮው ቆሞ ቀረ። አንዳንዱ ቆርቆሮ ተሠርቶለታል፣ አንዳንዱ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል። ይህን በርካሽ የሚሰበስብ ሰው አለ። ቀለም ይቀባዋል፣ ሞተሩን ለጥቂት ሰዓት እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ይሸጠዋል። እናንተ እስክትከፍሉ ከሠራለት ይበቃዋል።

ቀርቤ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኛ አካባቢ ሦስት ገበሬዎች ተዋጥተው አንድ ማሲ ፈርጉሰን ገዙ። አንደኛው የአክስቴ ባል ነው። ደላላው «አያ፣ ይቺ እኮ ክብሪት ናት፣ ቁልፉን ነካ ማድረግ ብቻ ነው» አለው። እውነትም ነካ ሲያደርጋት ተነሳች። ነጭ ጭስ ነበራት፤ «ስለቆመች ነው፣ ይጠፋል» ተባለ። ማሳ ገብታ ዲስኩ ከዋልካው ጋር ሲገናኝ ግን ረፋድም አልደረሰች። ጉልበት አጣች፣ ተንተፋተፈች፣ ቀጥ አለች።

መካኒክ ተጠርቶ ኮፈኑ ተከፈተ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዩ ቀለም የውሃውን ጎማ ቱቦ፣ የሽቦውን ልባስ፣ የብሎኖቹን ራስ ሳይቀር ለብሷል። ከባትሪው አጠገብ የታሰረ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ምንም አልያዘም። አጠገቡ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የተለየ አዲስ የነዳጅ ቱቦ ተቀጥሏል። መካኒኩ ሳቀ። በሽያጩ ቀን ሞተሩ ናፍጣ የጠጣው ከታንኩ አልነበረም፤ እዚያ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ጀሪካን ነበር። ብሩ ሲከፈል ጀሪካኗ ተነሳች፣ ቱቦው ከዋናው ታንክ ጋር ተገናኘ። የታንኩን ሥር ሲፈታው መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነው። ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ጥቁር ዝልግልግ ጭቃ መጣ።

ይህ የሚሆነው በምክንያት ነው። ግማሽ የሆነ ታንክ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በባዶው በኩል ያለው አየር እርጥበቱን ግድግዳው ላይ ይተዋል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ብረቱን ያዝገዋል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ዝልግልጉ የእነሱ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በግፊት ወደሚልከው ፖምፓ ሲሄድ ጣጣው ይጀምራል። ፖምፓው ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የሚያለሰልሳቸውም ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃና ደቃቅ ዝገት ከገባ ይቧጨራል፣ ይዝጋል፣ ግፊት ይጠፋል። የነዚያ ሰዎች ፖምፓ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ወጪው ሲሰላ በርካሽ የተገዛችው ትራክተር ርካሽ መሆኗ ቀረ።

ሌላው ዘዴ የቤንዚን ጨርቅ ነው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚፈነጥቅ ካንዴላ የለውም። አየሩ በ16 እጥፍ ገደማ ታምቆ ሲግል ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ቆሞ የከረመ ሞተር ግን የፒስተኑ ቀለበት ስለሚጣበቅ አየሩን በደንብ አያምቅም፣ ስለዚህ አይነሳም። ሻጩ ታዲያ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ የአየር መሳቢያው አፍ ላይ ይይዝለታል። ይነሳል! ነገር ግን ቤንዚኑ ያለጊዜው ስለሚቀጣጠል ፒስተኑን ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይመታዋል። ቀለበት ይሰብራል፣ ሲብስም ዘንግ ያጣምማል። የአየር መሳቢያው ማሞቂያ በርቶ ከሆነ እሳቱ ወደ ሰውየው ፊት ሊመለስ ይችላል። የአየር ማጣሪያው ክዳን ተከፍቶ ካገኛችሁት፣ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ፣ ሰላም ብላችሁ ወደ ቤታችሁ።

ሳይነገራቸው በጠዋት ሂዱ። ከሁሉ በፊት እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ያለ ከሆነ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ብዙ ይሸፍናል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ብርድ ላይ ያለ እርዳታ የተነሳ ሞተር ግማሹን ፈተና አልፏል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ያለ ነው። ሞቆም ካልጠፋ ግን ወይ ናፍጣው በደንብ እየነደደ አይደለም፣ ወይ ውሃ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን መሙያ ክዳን ክፈቱ፤ ጭስ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ቀለበቱ አልቋል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁም በሁለት ጣት አሹት። ማር የመሰለ ወፍራም ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ጨምረውበት ይሆናል፤ የሞተሩን ድምፅና የዘይቱን ግፊት ለመደበቅ የሚደረግ ነው። ሰዓት ቆጣሪውን አትመኑት፣ አብዛኛው አይሠራም። ማረሻ አስነሱበትና ግማሽ ሰዓት ይዞ እንዲቆይ ጠብቁ፤ ቀስ እያለ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ችግር አለበት።

አሁን ብዙ ሰው የማይወድልኝ ምክር። የቆመ ትራክተር ልትገዙ ከሆነ ያልተነሳውን ግዙ። እንደቆመ፣ አቧራውን እንደለበሰ፣ አየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ እንዳለ። ዋጋውም የቆመ ትራክተር ዋጋ ይሁን። በችኮላ ያልተቀሰቀሰ ሞተር ውስጡ ሊተርፍ ይችላል። በቤንዚን የተቀሰቀሰው ግን ምን እንደተሰበረበት የምታውቁት ከከፈላችሁ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ስታስነሱ መጀመሪያ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ማስነሻውን፣ አትንኩ። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ይፈቱ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይፍሰስ፣ ለቀናት ይቀመጥ። ከዚያ ሞተሩ በትልቅ መፍቻ በእጅ ይዙር፤ ሁለት ሙሉ ዙር። ከተያዘ አታስገድዱት፣ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ። በሞተሪኖ ወይም ጎትቶ በማስነሳት ማስገደድ ቀለበት የሚሰበርበት ዋናው መንገድ ነው። በኖዝሉ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) መውረዱ አይቀርም። አሮጌው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለም ውሃ ገብቶበታል። ታንኩ ወርዶ ይታጠብ፣ ማጣሪያው በአዲስ ይቀየር። ናፍጣውን ከመንገድ ዳር ጀሪካን አትግዙ፤ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ከመስመሩ አየር ይውጣ። ማጥፊያው ተስቦ ሳለ ሞተሪኖው ለአጭር ጊዜ እየተቆራረጠ ያዙረው፤ የዘይት ግፊት ሲታይ ብቻ ይነሳ።

አንድ ሰው ደግሞ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ የአየር መሳቢያው ጋ ይቁም። ቀልድ አይደለም። ቆሞ የከረመ ፖምፓ ውስጡ ከተጣበቀ ናፍጣውን አይቀንስም፤ ሞተሩ እያጓራ ይፈተለካል፣ ቁልፍ ብታጠፉም አይሰማም። ያን ጊዜ የሚያቆመው አየሩን መዝጋት ነው። በእጅ ግን አይሞከርም፣ ይስባል። ፍሪሲዮኑም ከቆመበት ዝጎ ሊጣበቅ ስለሚችል ካምቢዮው ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ አስነሱ፤ አለበለዚያ ትራክተሩ ሰው ላይ ይሄዳል።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ በቀለም የተሸፈነ ከሆነ ይፋቅ በሉ። በሊዝ የተገዛ ትራክተር ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ድርጅት ንብረት ነው፣ ሻጩ ሊሸጠው አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሲያዝ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ይታይላችሁ።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ሊያስገቡባችሁ ይሞክራሉ። አትፈርሙባት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭ እንዲህ ባለ ቃል አያመልጥም። ግን ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዳየ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። የአክስቴ ባልና ጓደኞቹ በጽሑፍ አሳውቀዋል፣ መካኒኩም ያየውን ጽፎ ፈርሞላቸዋል። ሻጩ መጀመሪያ ስልክ አያነሳም ነበር፤ የሽቦዋና የቱቦዋ ፎቶ ሲላክለት ደወለ። አሁን በሽማግሌ ይለቅ እያለ ነው። እነሱ ግን የፖምፓውን ወጪ ሳይከፍል ሽማግሌ ፊት አንቀርብም ብለዋል።