ዝናር ከመታዘዙ በፊት ጥይቱ ይታወቅ፦ ለቅዳሜ ገበያው ቆዳ ሰፊ ምስጋና

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩትን አረጋዊ ቆዳ ሰፊ በአደባባይ እናመሰግናለን። አላስካ ለሚኖሩ የባሕር ዳር ልጆች፣ ለድብ አደን የሚሆን ዝናርና የጠመንጃ ማንገቻ ሠርተው አስረክበዋል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለፈለጉ «ጋሼ» ብለን እንቀጥል። ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ከሥራቸው በፊት የጠየቁት ጥያቄ ግን ይበልጣል። «ጠመንጃው ምንድን ነው? ጥይቱስ?» አሉ። ገና እየተመረጠ ነው ሲባሉ ወረንጦም ወስፌም አላነሱም፤ «እንግዲያስ ምርጫው ይለቅና ኑ» ብለው መለሱ። ዝናር ማሠራት ለሚያስብ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ስለሆነ ዝርዝሩን እንጻፈው።

እኛ አገር የድሮ ዝናር ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የቤልጅግ መውዘሩ ነው። የዚያ ጥይት፣ 7.92 በ57፣ የቀለሁ ቂጥ ውፍረት 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው 30-06ም ቂጡ ያው 12 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለየው ቀለሁ ከ57 ወደ 63 ሚሊሜትር መርዘሙ ነው። ስለዚህ በመውዘር ልክ የሠለጠነ እጅ ለ30-06 አይቸገርም። 375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም ከተመረጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቂጡ ላይ ያለው መቀነት 13.5 ሚሊሜትር ነው፤ አረሩ ተገጥሞ ሙሉ ርዝመቱ 91 ሚሊሜትር ይሆናል። በ12 ሚሊሜትር ልክ የተሰፋ ማቀፊያ (ጥይቱ የሚሰካበት የዝናሩ ቀለበት) ይህን ጥይት ጨርሶ አያስገባም፤ በ13.5 የተሰፋው ደግሞ 30-06ን ጫካ ውስጥ እያንጠባጠበ ይሄዳል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? መጀመሪያ ድቡ ይለይ። ለጥቁር ድብ 30-06 ከ180 ግሬን (11.7 ግራም) አረር ጋር ከበቂ በላይ ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይበርራል። ቡናማው ድብ ሌላ ፍጥረት ነው። የአላስካዋ ኮዲያክ ደሴት ትልቅ ወንድ እስከ 680 ኪሎ ይደርሳል። ጠጉሩ ወፍራም ነው፣ ከሥሩ ስብ አለ፣ ከስቡ ሥር ጡንቻና የትከሻ አጥንት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነትን ብቻ አይቶ መምረጡ ነው። ፈጣን ሆኖ ስስ የሆነ አረር አጥንት ሲያገኝ ይፈረካከስና ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። የቆሰለው ድብ ወደ ቁጥቋጦ ይገባል፤ ስቡ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ጠጉሩም ደሙን ይመጠዋል፤ የሚከተሉት የደም ዱካ አይኖርም። ለዚህ ነው ከባድና ሳይበታተን ጠልቆ የሚገባ አረር የሚፈለገው፦ ኖስለር ፓርቲሽን፣ ስዊፍት ኤ ፍሬም፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ባርነስ። በተራ ለስላሳ እርሳስ ቡናማ ድብ ላይ መተኮስ ለአዳኙም ለአውሬውም ክፉ ነው።

ሚዛኑን በቁጥር እንየው። 30-06 ለቡናማ ድብ ሲያዝ ቢያንስ 200፣ ቢቻል 220 ግሬን (14.3 ግራም) አረር ይያዝ። 338 ዊንቸስተር ማግነም 250 ግሬን (16.2 ግራም) በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይልካል። በፈረንጅ 1912 የወጣው 375 ኤች ኤንድ ኤች ደግሞ 300 ግሬን (19.4 ግራም) በሰከንድ 770 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ጉልበቱ 5,700 ጁል ያልፋል፤ ባለ180 ግሬኑ 30-06 4,000 ጁል ገደማ ላይ ነው። ግን ይህ ጉልበት በነጻ አይመጣም። የ375ቱ ርግጫ ከ30-06 ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትከሻው የፈራ ሰው ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የኛ አቋም ግልጽ ነው፦ 30-06ን በቦታው የሚያሳርፍ ሰው፣ 375ን እየፈራ ከሚተኩስ ይሻላል። 375ን መያዝ የፈለገ ከአደኑ በፊት ወራት ወስዶ፣ በአንድ ቀን ከ10 ጥይት ሳይበልጥ፣ ቆሞና ተንበርክኮ ይለማመድ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ብቻ መተኮስ ርግጫን ያስመርራል እንጂ አደን አያስተምርም።

45-70 የሚመርጡም አሉ፤ በቅርብ ርቀት ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጥይቱ በፈረንጅ 1873 የወጣ ነው። ለአዲሶቹ ጠንካራ ጠመንጃዎች ተብሎ የሚሸጠውን ኃይለኛ ጥይት በዚያ ዘመን ጠመንጃ ማጉረስ መሣሪያውን ይሰነጥቀዋል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ይነበብ።

ስለ ጠመንጃው ራሱ፣ የመውዘርን ነገር የሚያውቅ አባት ያለው ሰው ቶሎ ይገባዋል። መውዘር 98 መቀርቀሪያው ላይ ረጅም ጥፍር አለው፤ ጥይቱ ከካዝናው ሲወጣ ገና ቂጡን ይይዘዋል፣ እስከሚወጣም አይለቀውም። ዛሬም ቡናማ ድብ የሚያድኑ ብዙዎች ይህንኑ አሠራር ይመርጣሉ፤ በፈረንጅ ከ1964 በፊት የተሠራው ዊንቸስተር ሞዴል 70 ጠመንጃ የሚወደደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምክንያቱ ድንጋጤ ነው። ድብ በሰዓት ወደ 56 ኪሎሜትር ይሮጣል፤ 30 ሜትር በሁለት ሰከንድ ያልቃል። በዚያች ቅጽበት ያቀባበለ ሰው መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻ ሳይገፋ ወደ ኋላ ቢስብ፣ ጥፍር በማይዘው አሠራር አንዱ ጥይት መጉረሻው (ጥይቱ የሚተኮስበት የአፈሙዙ ሥር) ውስጥ ይቀርና ሁለተኛው ከኋላው ይሰካል። በመውዘሩ አሠራር ግን የመጀመሪያው ከመቀርቀሪያው ጋር ተመልሶ ይወጣል። የሱም ጥንቃቄ አለው፦ ጥይት በእጅ መጉረሻው ውስጥ ጥሎ መቀርቀሪያውን በኃይል መዝጋት ጥፍሩን ሊሸርፈው ይችላል። ጥይት ሁልጊዜ በካዝና በኩል ይግባ።

ሌላው ቀላል ነው። ዝናብና የባሕር ጨው ስላለ የማይዝግ ብረትና ሰው ሠራሽ ሰደፍ ይሻላል፤ የእንጨት ሰደፍ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና የተስተካከለውን ዒላማ ያዛባዋል። መነጽሩ ከ1.5 እስከ 5 እጥፍ ቢያጎላ ይበቃል። 375ቱ በ180 ሜትር ላይ ከተስተካከለ በ90 ሜትር 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል፤ ድብ ላይ ከዚያ በላይ ሒሳብ አያስፈልግም። ከአላስካ ውጭ የሚመጣ አሜሪካዊ ቡናማ ድብ ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ ወይም የቅርብ ዘመድ የሆነ የአላስካ ነዋሪ አብሮት መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው እንግዳ ደግሞ ያለ መሪ አይፈቀድለትም። ጉዞ ከመታሰቡ በፊት ይህ ይጣራ።

አሁን ወደ ጋሼ እጅ እንመለስ። እውነተኛ ጥይት ወደ ሱቃቸው አይገባም፤ አይቀበሉምም። ልኩ በወረቀት ሲደርሳቸው ከወይራ እንጨት የጥይቱን ቅርጽ ይጠርባሉ፦ ቂጡ፣ ወገቡ፣ ትከሻው በየሚሊሜትሩ። ለ375 አንድ ማቀፊያ ከ35 እስከ 38 ሚሊሜትር ቀጭን ቆዳ ይወስዳል። ቆዳውን አርጥበው በእንጨቱ ላይ ይወጥሩና እዚያው እንዲደርቅ ይተዉታል፤ ደርቆ ሲወጣ የጥይቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። 45-70 ቂጡ 15.4 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ማቀፊያው ላይ ይቆማል። 30-06 ግን እንዲህ ያለ ከንፈር የለውም፤ የሚይዘው የቆዳው ጭብጥ ብቻ ነው። ማቀፊያው ትንሽ ከላላ ጥይቱ ቁልቁል ሾልኮ ይወድቃል። የጋሼን ዝናር ገልብጦ በኃይል ማራገፍ ይቻላል፤ እንጨቶቹ አይንቀሳቀሱም።

ስፌቱ በጎጃም ሰም የተለበጠ ድርብ ክር ነው፤ በሁለት መርፌ ግራና ቀኝ ስለሚሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ማንገቻው ላይ ደግሞ የሚያቃጭል ዘለበት አያደርጉም። ማንገቻ ስታዝዙ የጠመንጃውን ቀለበት ስፋት ለክታችሁ ንገሯቸው፤ የአሜሪካ ጠመንጃዎች በአብዛኛው 25 ወይም 32 ሚሊሜትር ናቸው።

አንድ ነገር በራሳቸው አንደበት ለገዢው ሁሉ ይናገራሉ፦ ዝናር መሸከሚያ ነው፣ ጎተራ አይደለም። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው ከእርጥበት ጋር ሆኖ የናሱን ቀለህ አረንጓዴ ዝገት ያስይዘዋል፤ የዛገ ቀለህ መጉረሻው ውስጥ ይጣበቃል። ከአደን ሲመለሱ ጥይቱ ይውጣ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ወደ ካርቶኑ ይመለስ። ኒኬል የተቀባ ቀለህ ይህን የተሻለ ይቋቋማል። ዝናሩ ከራሰ እሳት ዳር አይሰቀል፤ ቆዳው ይኮማተርና ማቀፊያው ጥይት አልቀበል ይላል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ ሰም በእጅ ሙቀት ይታሽበት። ዘይት ማብዛት ደግሞ ማቀፊያውን ያላላዋል።

ማዘዝ የምትፈልጉ፣ የጥይቱን ስም እንደ ካርቶኑ ጽሑፍ አንድም ሳታጎድሉ፣ የቂጡንና የሙሉ ርዝመቱን ልክ በሚሊሜትር፣ የወገባችሁን ዙሪያ ከነካፖርታችሁ ለክታችሁ ያዙ። «300» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በዚህ ቁጥር የሚጀምሩ ልካቸው የተለያየ ጥይቶች ብዙ ናቸው። ባለ10 ማቀፊያ ዝናር አሥር ቀን ያህል ይፈጃል፤ በክረምት ቆዳው ቶሎ ስለማይደርቅ ይረዝማል፤ አታጣድፏቸው።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።