ኤፒአይ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚከፈት መሣሪያ፦ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ

ለሐዋሳ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች የአልጋ ማስያዣ ሲስተም የሚሠራ ሰው ሰርቨሩ የሚፈተንበትን ቀን ያውቀዋል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ሰሞን። ባዶ ክፍል የሚፈልገው ሲበዛና ኤፒአዩ (ከአፑ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም) ሲንቀራፈፍ ራም ለመግዛት ይሮጣል። ከዚያ በፊት ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር በነፃ የሚመጣውን፣ እያንዳንዱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚቆጥረውን ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ማብራት ይሻላል።

ስሙ ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ በሚለው ቅንብር ውስጥ ይገባል፣ ፖስትግሬስ ሪስታርት ይደረጋል፣ ከዚያ በዳታቤዙ ውስጥ ኤክስቴንሽኑ ይፈጠራል። ሪሎድ (ፖስትግሬስ ሳይጠፋ ቅንብሩን ዳግም ማንበብ) ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሪስታርቱ ሲስተሙን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ ሌሊት ይሠራ።

ውጤቱን በአማካይ ጊዜ መደርደር ያሳስታል። በጠቅላላ ጊዜ ይደርደር። በቀን አንዴ 4 ሰከንድ የሚፈጅ ሪፖርት ማንንም አይጎዳም፤ 3 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚፈጅ፣ ግን 200,000 ጊዜ የተጠራ ኩዌሪ 10 ደቂቃ በልቷል። የዚህ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ኦአርኤሙ (በፕሮግራመሩ ፈንታ ኩዌሪ የሚጽፈው ላይብረሪ) ነው፦ 50 ሆቴል ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ክፍሎች ለየብቻ ሲጠይቅ 51 ኩዌሪ ይሆናል። ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ይህን አያድነውም፤ መፍትሔው በአንድ ጆይን (ሠንጠረዦችን በሚያጣምር ኩዌሪ) ወይም በሁለት ኩዌሪ መጠቅለል ነው።

ጥሪው ጥቂት ሆኖ አማካዩ ከፍ ካለ ፎሬን ኪዩ (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው የሚያገናኘው ኮለምን) ይታይ። ፖስትግሬስ እሱ ላይ በራሱ ኢንዴክስ አይሠራም። ኢንዴክሱ ኮንከረንትሊ በሚባለው አማራጭ ይፈጠር፤ አለዚያ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ማስያዝ ይታገዳል። መሐል ላይ ከከሸፈ የማይሠራ ኢንዴክስ ጥሎ ስለሚሄድ ያ ተሰርዞ እንደገና ይጀመር።

የፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ድክመት ግልጽ ነው። ኩዌሪው የገባበትን ዋጋ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ሆቴል ላይ ብቻ የሚዘገየውን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ያሳያል። የኩዌሪውን ፕላንም (ዳታቤዙ መልሱን የሚያገኝበትን መንገድ) አያወጣም፤ ለዚያ ኤክስፕሌይን አናላይዝ የሚባለው ትእዛዝ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ኩዌሪውን በእውነት ያስኬደዋልና አፕዴትና ዲሊት ላይ ሲሞከር በትራንዛክሽን ውስጥ ሆኖ በሮልባክ ይመለስ። በድሮ ጽሑፎች ያለው ቶታል ታይም የሚባል ኮለምን ከቅጂ 13 ጀምሮ ቶታል ኤክሴክ ታይም ተብሏል፤ ኮፒ ያደረገ ሰው ኤረር ይገጥመዋል።

ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ ቆጠራው ሪሴት ይደረግ፤ የቆየው ቁጥር አዲሱን ለውጥ ይሸፍነዋል።