በጉም ውስጥ የአንድ ሰዓት የጀልባ ጉዞ፦ ሳን ፍራንሲስኮ

በሐምሌ ወር (ለእኛ ክረምት፣ ለእነርሱ በጋ) ከሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ተነሥቶ በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር የሚያልፈው የጀልባ ጉብኝት፣ ድልድዩን ለማየት የሚሄደውን ሰው ሊያሳዝን ይችላል፤ 227 ሜትር ከፍታ ካላቸው ምሰሶዎቹ እኛ ያየነው የታችኛውን ክፍል ብቻ ነበር። እኔ የሄድኩት ለጉሙ ስለ ነበር አልተከፋሁም።

ቅሬታዬ በማብራሪያው ላይ ነው። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ፣ ጉሙ ቀዝቃዛ አየር ከባሕሩ ሲነሣ የሚፈጠር አድርጎ ያቀርበዋል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከመሬት መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይተካል፤ ከፓስፊክ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ለብ ያለ አየርም በዚህ ውሃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዝና፣ እንፋሎቱ በአየሩ ውስጥ በሚንሳፈፉ የባሕር ጨው ቅንጣቶች ላይ እየተጠራቀመ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ስለሚከድነው ጉሙ ወደ ላይ አይበተንም፤ የመካከለኛው ካሊፎርኒያ ሸለቆ ሲግል ደግሞ በወሽመጡ አፍ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል።

መርከበኞቹ ትሑቶች፣ ሻዩም ትኩስ ነበር። የድልድዩን የጉም ጥሩንባ በቅርብ መስማት ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ግን አይረሳ።